ከአደባባዩ በኋላ፦ የወለጋ ወጣቶችና ያልተከፈተው የቀበሌ በር

በጥር 2008 ዓ.ም. ኦሮሚያን ያስተዳድር የነበረው ኦሕዴድ የአዲስ አበባንና የዙሪያዋን የተቀናጀ ማስተር ፕላን መሰረዙን ሲያስታውቅ፣ ለዚህ ያስገደደው የምክር ቤት ክርክር አልነበረም። በ2007ቱ ምርጫ ገዢው ግንባርና አጋሮቹ 547ቱንም የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት መቀመጫዎች ስለወሰዱ በዚያ አዳራሽ የሚከራከር ተቃዋሚ አልነበረም። ዕቅዱን ያስቆሙት ተማሪዎች፣ ተመርቀው ሥራ ያጡ ልጆችና አርሶ አደር ወላጆቻቸው ናቸው። ተቃውሞው በኅዳር 2008 ዓ.ም. ጊንጪ ላይ እንደገና ከፈነዳ በኋላ ወደ ምዕራብ የሚወስደውን መንገድ ተከትሎ ነቀምቴ፣ ጊምቢ፣ ነጆ፣ መንዲና ደምቢ ዶሎ ለመድረስ ብዙ ቀን አልፈጀበትም። ያ ትውልድ አንድ አገራዊ ዕቅድ አሰርዟል፤ ሁለት ዓመት ቆይቶም የመንግሥት መሪ እንዲለወጥ ካስገደዱት ኃይሎች ዋነኛው ሆኗል። ያው ትውልድ ግን የራሱን ቀበሌ ምክር ቤት ዛሬም አልመረጠም። በኢትዮጵያ የወረዳና የቀበሌ ምክር ቤት ምርጫ ለመጨረሻ ጊዜ በአገር አቀፍ ደረጃ የተካሄደው በሚያዝያ 2005 ዓ.ም. ነው። በዚያን ጊዜ 18 ዓመት ያልሞላው የነቀምቴ ልጅ ዛሬ ትዳር ይዞ፣ ልጅ ወልዶ ሊሆን ይችላል፤ ውሃውን፣ መሬቱንና መታወቂያውን የሚወስንለትን ምክር ቤት ግን አንድም ቀን በድምፁ አልሾመም፣ አልሻረም።

ስለ ወለጋ ወጣት ሲነሣ ሁለት ዓይነት ንግግር ይበዛል። አንዱ ወጣቱን የለውጡ ጀግና አድርጎ ያወድሰውና እዚያው ይተወዋል። ሌላው ደግሞ ለደረሰው ጥፋት ሁሉ ተጠያቂ ያደርገዋል። ሁለቱም አንድ ቀላል ጥያቄ ይዘላሉ፦ ያን ያህል ኃይል የነበረው እንቅስቃሴ ድል ካደረገ በኋላ ለምን በከተሞቹ ውስጥ ቋሚ ነገር ሳይተክል ቀረ? የዚህ ጽሑፍ መልስ የሚከተለው ነው። እንቅስቃሴው በአፈና ዘመን እንዲተርፍ ያደረገው ስምና አድራሻ የለሽነቱ ነበር። ያው አድራሻ የለሽነት አፈናው ሲላላ ድክመት ሆነበት፤ ማን በስሙ እንደሚናገር፣ ማን እንደሚጠየቅ፣ ማን ከመንግሥት ጋር ተቀምጦ ውል እንደሚገባ የሚለይበት መንገድ አልነበረውም። ክፍተቱን መሣሪያ የያዙ ሞሉት። ስለዚህ የወለጋ ከተሞች ወጣቶች ቀጣይ ሥራ ሌላ ታላቅ ሰልፍ መጥራት አይደለም፤ ጎረቤት የሚያውቀው፣ ሒሳቡን የሚጠይቀውና ሲያጠፋ የሚያርመው የሰፈር መደራጀት መፍጠር ነው። ይህ እንዲሆን መንግሥትም ከ2005 ወዲህ የዘጋውን በር መክፈት ግዴታው ነው።

በመጀመሪያ ነገሩ እንዴት እንደነበር እናስታውስ። የማስተር ፕላኑ ወሬ በሚያዝያ 2006 ዓ.ም. ሲሰማ ተቃውሞ ከተነሣባቸው ግቢዎች አንዱ ነቀምቴ የሚገኘው የወለጋ ዩኒቨርሲቲ ነበር። ዩኒቨርሲቲው በ1999 ዓ.ም. የተቋቋመ ሲሆን በጊምቢና በሻምቡም ቅርንጫፍ ግቢዎች አሉት፤ ስለዚህ የአንድ ግቢ ጭምጭምታ ሌላው ዘንድ ለመድረስ አይዘገይም። ከጊንጪ በኋላ ደግሞ እንቅስቃሴው ከዩኒቨርሲቲ ወደ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች፣ ከዚያም ወደ ገበያ ወረደ። ሐምሌ 24 ቀን 2008 ዓ.ም. በጎንደር አደባባይ የወጣው ሕዝብ ለኦሮሞ ተቃዋሚዎች ያለውን አጋርነት የሚገልጹ ጽሑፎችን ይዞ ነበር። ሐምሌ 30 ቀን በመላው ኦሮሚያ በተጠራው ሰልፍ ነቀምቴ ብዙ ሰው ከወጣባቸውና ጥይት ከተተኮሰባቸው ከተሞች አንዷ ሆነች። መስከረም 22 ቀን 2009 ዓ.ም. በቢሾፍቱ የኢሬቻ በዓል የደረሰው እልቂት ሐዘኑን ወደ ቁጣ ለወጠው፤ በቀናት ውስጥም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። የኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን በዚያ የሁከት ወቅት በኦሮሚያ፣ በአማራና በደቡብ ክልሎች 669 ሰዎች መሞታቸውን ለፓርላማ አቅርቧል። የሰልፉ ዋጋ ይህ ነበር፤ የከፈሉት በአብዛኛው ወጣቶች ናቸው።

ከሁሉም በላይ የእንቅስቃሴውን ብስለት ያሳየው ግን ሰልፍ አልነበረም። ከየካቲት 5 እስከ 7 ቀን 2010 ዓ.ም. በኦሮሚያ ከተሞች የተጠራው ከቤት ያለመውጣት አድማ ሱቁን፣ ትራንስፖርቱንና መንገዱን ዘጋ። ጥያቄው ግልጽ ነበር፤ የፖለቲካ እስረኞች ይፈቱ። በአድማው ሁለተኛ ቀን የወለጋው ተወላጅና የኦፌኮ አመራር በቀለ ገርባ ከእስር ወጡ። የካቲት 8 ቀን ጠቅላይ ሚኒስትር ኃይለማርያም ደሳለኝ ሥልጣን ለመልቀቅ ጠየቁ፤ መጋቢት 24 ቀን ዐቢይ አሕመድ ቃለ መሐላ ፈጸሙ። አድማው በጥቂት ቀናት ውስጥ የተጠናቀቀ፣ ግቡ የተለካ፣ ገበያንና መንገድን በመዝጋት የተፈጸመ ተግባር ነው። ሁሉም ነጋዴ በፈቃዱ ዘጋ ማለት አይቻልም፤ ፈርቶ የዘጋም ነበር፤ ይህም መነገር አለበት። ቢሆንም በአንድ ጥያቄ ዙሪያ ሚሊዮኖችን ማስተባበር የሚችል መረብ በአገሪቱ ከተሞች እንዳለ ያኔ ታይቷል።

ይህ መረብ ለምን ስም አልባ ሆነ? ምክንያቱ የወጣቶቹ ስንፍና አልነበረም። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ማኅበራት አዋጅ፣ ቁጥር 621፣ ከገቢው ከ10 በመቶ በላይ ከውጭ የሚያገኝ ድርጅት በመብትና በዴሞክራሲ ጉዳይ እንዳይሠራ አገደ። በዚያው ዓመት የወጣው የፀረ ሽብር አዋጅ ጋዜጠኛውንም የፓርቲ አባሉንም ወደ ችሎት ወሰደ። በየቀበሌው የአንድ ለአምስት አደረጃጀት ነበረ፤ ወጣቶች የሚሰበሰቡባቸው ማኅበራትና ሊጎች በገዢው ፓርቲ ጥላ ሥር ነበሩ። በዚህ ሁኔታ ማኅበር አቋቁሞ የሊቀ መንበርና የጸሐፊ ስም ማስመዝገብ ማለት የእስር ዝርዝር አዘጋጅቶ ማስረከብ ነበር። ወጣቶቹ ያደረጉት ብልህነት ነው። መሪ ከሌለ የሚታሰር መሪ የለም። ቢሮ ከሌለ የሚታሸግ ቢሮ የለም። መልእክቱ ከውጭ አገር በማኅበራዊ ሚዲያ ይመጣል፣ በተማሪዎች መካከል ከአፍ ወደ አፍ ይዞራል፣ በየከተማው እርስ በርስ የሚተዋወቁ ጥቂቶች ያስፈጽሙታል። ቄሮና ቀሬ የሚሉት የወንድና የሴት ልጆች መጠሪያዎች አባልነትን የሚያመለክቱ አልነበሩም፤ ማንም ወጣት በተግባሩ የሚገባባቸው ነበሩ።

ነገር ግን ማንም የሚገባበት ስም ማንም የሚነጥቀውም ነው። ከ2010 በኋላ በዚያ ስም የወረዳ ሹመት የጠየቀ አለ፤ በዚያው ስም ከነጋዴ ገንዘብ የሰበሰበ፣ መንገድ የዘጋ፣ ሰውን በብሔሩ ያስፈራራ አለ። አብዛኛው ወጣት ይህን አላደረገም፤ አላደረግሁም ብሎ የሚናገርበት መድረክም አልነበረውም። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ከተገደለ በኋላ በበርካታ የኦሮሚያ ከተሞች ሰላማዊ ሰዎች ሲገደሉና ንብረት ሲወድም፣ ሐዘኑን በሰላም የገለጸውና አጥፊው በአንድ መጠሪያ ተጠቀለሉ። አባላቱን የሚያውቅ ማኅበር ቢኖር ኖሮ አጥፊን ከአባልነት ያባርር፣ ሐዘን ለደረሰበት ቤት ሄዶ ይቅርታ ይጠይቅ፣ ያልሠራውን ሥራ አልሠራሁም ብሎ ይሟገት ነበር። አድራሻ የሌለው እንቅስቃሴ ራሱን ከጥፋት የሚለይበት መሣሪያ አልነበረውም።

በወለጋ ነገሩ ከዚህም የከፋ መልክ ያዘ። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ወደ አገር የገባው የኦነግ አመራር ትጥቅ መፍታትን በተመለከተ ከመንግሥት ጋር ሳይግባባ ቀርቶ፣ ከድርጅቱ የተለየው የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት በምዕራብ ኦሮሚያ ውጊያውን ቀጠለ፤ መንግሥትም «ሸኔ» እያለ በ2013 ዓ.ም. በሽብርተኝነት ፈረጀው። ከታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. መጨረሻ እስከ መጋቢት 22 ቀን በምዕራብ ወለጋ፣ በቄለም ወለጋና በሆሮ ጉዱሩ ወለጋ ስልክና ኢንተርኔት ተቋረጠ። የመጀመሪያው የኮሮና ታማሚ በአገሪቱ የተገኘው መጋቢት 4 ቀን ነው፤ የእነዚያ ዞኖች ነዋሪዎች ወረርሽኙ አገር ከገባ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ ወደ ሐኪም የሚደውሉበት ስልክ አልነበራቸውም። ለእንቅስቃሴው ደግሞ ይህ የመጨረሻ ምት ነበር። መረቡ በስልክ ላይ ቆሞ ነበርና ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። በሰፈር የሚሰበሰብ፣ መዝገብ ያለው፣ ቀጠሮውን የሚያውቅ ማኅበር ግን ኔትወርክ ሲቋረጥ አይበተንም። ዕድሮች አልተበተኑም፤ አብያተ ክርስቲያናትና መስጊዶችም እንደዚሁ።

ይህ ሐሳብ ለወለጋ እንግዳ አይደለም። አካባቢው በአድራሻ የሚታወቅ የሕዝብ ሥራ ታሪክ ያለው ነው። በልጅነታቸው በባርነት ተሸጠው ነጻ የወጡት ኦነሲሞስ ነሲብና አስቴር ጋኖ፣ መጽሐፍ ቅዱስን በኦሮምኛ ካሳተሙ በኋላ፣ በ1896 ዓ.ም. ነቀምቴ ገብተው ትምህርት ቤት ከፈቱ። ከሳሾች ነበሩባቸው፤ ሥራቸው ታግዶም ያውቃል። ትምህርት ቤቱ ግን በር ነበረው፤ ልጁን የሚልክ ወላጅ ማን ምን እንደሚያስተምርለት ያውቅ ነበር። በ1955 ዓ.ም. የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበር ደግሞ በሕግ የተመዘገበ፣ አባላቱ መዋጮ የሚያወጡለት፣ መንገድ፣ ትምህርት ቤትና ክሊኒክ ለመሥራት የተነሣ ነበር። በአራት ዓመት ውስጥ ታገደ፤ መሪዎቹም ታሰሩ። የቦጂው ተወላጅ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በነቀምቴ ሆስፒታል በሕክምና ረዳትነት ሠርተው፣ በኋላ የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ሆኑ። በ1964 ዓ.ም. ቤተ ክርስቲያኒቱ ለውጭ አጋሮቿ የላከችው ደብዳቤ የሰውን ነፍስ ከኑሮው ለይቶ ማገልገል እንደማይቻል የተከራከረ ሲሆን፣ በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ዘንድ እስከ ዛሬ ይጠቀሳል። ቄስ ጉዲና ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. በደርግ ታፍነው ተገደሉ።

ከእነዚህ ታሪኮች አንባቢ ተቃራኒውን መደምደሚያ ሊያወጣ ይችላል፦ በስማቸው የቆሙት ሁሉ ታግደዋል፣ ታስረዋል፣ ተገድለዋል፤ ታዲያ ለዛሬው ወጣት ስምህን አስመዝግብ ማለት ጭካኔ አይሆንም? ይህ ከሁሉም የከበደው ተቃውሞ ነው፤ ማስረጃም አለው። በግንቦት 2013 ዓ.ም. በደምቢ ዶሎ አንድ የ17 ዓመት ልጅ በጸጥታ ኃይሎች እጅ በሕዝብ ፊት ተገድሏል፤ ሂዩማን ራይትስ ዎች ጉዳዩን መዝግቦታል። በሌላው ወገን ደግሞ የቀበሌ ሠራተኛ፣ መምህር ወይም የአገር ሽማግሌ መሆን ብቻ በታጣቂዎች ዘንድ የሚያስጠይቅባቸው ወረዳዎች አሉ። በሁለት ጠመንጃ መካከል ለቆመ ሰው ድፍረትን መስበክ ቀላል አይደለም፤ ይህ ጽሑፍም አያደርገውም። የሚለው ሌላ ነገር ነው። መታወቅ ሁለት ዓይነት ነው። ለሩቅ መታወቅ አለ፤ ይህም በቴሌቪዥን መቅረብ፣ በፌስቡክ መሪ መባል ነው። ለቅርብ መታወቅም አለ፤ ይህም በሰፈሩ ገንዘብ ያዡ ማን እንደሆነ፣ እህሉ ለማን እንደታደለ፣ ስብሰባው መቼ እንደሆነ ጎረቤት ማወቁ ነው። ተጠያቂነትን የሚያመጣው ሁለተኛው ነው፤ አደጋ የሚበዛበት የመጀመሪያው ነው። የወለጋው እንቅስቃሴ የጎደለው ለቅርብ መታወቁ ነበር።

ሱዳናውያን ወጣቶች ይህን በተግባር አሳይተዋል፤ ጎረቤቶቻችን ስለሆኑ፣ ከቤጊ ወይም ከአሶሳ ድንበሩ ሩቅ ስላልሆነ፣ ከእነርሱ ለመማር የተሻለ ዕድል አለን። በ2011 ዓ.ም. ኦማር አልበሽርን ያወረደው ሕዝባዊ ንቅናቄ የቆመው በየሰፈሩ በተዋቀሩ የተቃውሞ ኮሚቴዎች ላይ ነበር። በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ጦርነት ሲነሣና መንግሥት ከካርቱም ሰፈሮች ሲጠፋ፣ እነዚያው ኮሚቴዎች ያፈሯቸው ወጣቶች የአስቸኳይ ምላሽ ክፍሎች የሚባሉትን አቋቁመው የጋራ ወጥ ቤት ከፈቱ፣ ቁስለኛ አነሡ፣ የተዘጋ ጤና ጣቢያ አስነሡ። ዓለም አቀፍ የዕርዳታ ድርጅቶች በማይገቡበት ሰፈር ሲያበሉ የነበሩት እነርሱ ናቸው። በጎ ፈቃደኞቹ ከሁለቱም ተፋላሚዎች እስርና ግድያ ደርሶባቸዋል፤ ሥራቸው አደጋ የለውም የሚል የለም። ነገር ግን ጦርነቱ ሲመጣ ሰፈሩ ማን ዘንድ መሄድ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ለውጡ ሲነጠቅባቸው እንኳ የቀረላቸው ነገር ነበር።

የአሜሪካ ጥቁር ተማሪዎችም ታሪክ ወደዚሁ ያመራል። በፈረንጆች የካቲት 1 ቀን 1960 በግሪንስቦሮ ከተማ አራት ተማሪዎች ጥቁር በማይስተናገድበት የምግብ ባንኮኒ ላይ ሲቀመጡ፣ ድርጊቱ በሳምንታት ውስጥ በደቡብ ከተሞች ተዛመተ። በዚያው ዓመት ሚያዝያ ኤላ ቤከር የተባሉ አንጋፋ ታጋይ ተማሪዎቹን ሰብስበው የራሳቸውን አስተባባሪ ኮሚቴ እንዲያቋቁሙና በትልልቆቹ ድርጅቶች እንዳይዋጡ መከሩ። ብዙ ሰው የሚያስታውሰው ባንኮኒውን ነው። እኔ የበለጠ የማደንቀው ግን ከዚያ በኋላ የመጣውን ነው፦ ወጣቶቹ ሚሲሲፒ ወርደው በገጠር ከተሞች ከገበሬ ቤት አድረው፣ በር እያንኳኩ ለመራጭነት አስመዘገቡ። ዓመታት የፈጀ፣ ካሜራ የማይከተለው፣ ገዳይ ያለበት ሥራ ነበር። የ1965ቱ የመራጮች መብት ሕግ በዚህ ሥራ ላይ ቆሞ ነው የመጣው። በፈረንጆች ሰኔ 2024 ደግሞ የኬንያ ወጣቶች መሪ የለንም፣ ጎሣ የለንም ብለው የፋይናንስ ረቂቅ ሕጉን አሰረዙ፤ ብዙዎችም ሞቱ። እነርሱም ዛሬ የሚከራከሩበት ጥያቄ የወለጋ ወጣት ከ2010 ዓ.ም. በኋላ የገጠመው ነው፤ መሪ የሌለው ድል ማን እጅ ላይ ይወድቃል?

ሁለተኛው ተቃውሞ ከወጣቶቹ ከራሳቸው ይመጣል። ደም መለገስ፣ ለተፈናቀለ እህል ማሰባሰብ፣ የድሃ ቤት ማደስ መልካም ነው፤ ነገር ግን መንግሥት በየክረምቱ ለሚጠራው በጎ ፈቃድ ጉልበት ከመሆን ምን ይለያል? የመብት ጥያቄ በጽዳት ዘመቻ ተተካ ማለት አይደለም ወይ? ስጋቱ እውነተኛ ነው። በደርግ ዘመን በ1967 ዓ.ም. ወደ ገጠር የዘመቱት 60,000 ያህል ተማሪዎችና መምህራን ዘመቻውን በራሳቸው መንፈስ ሲመሩት ከመንግሥቱ ጋር ተጋጭተዋል፤ ብዙዎቹም ጥለው ሸሽተዋል። ኦሮሚያ ውስጥ የቡሳ ጎኖፋ የመረዳዳት ባህል በቅርብ ዓመታት በመንግሥት መዋቅር ሥር ተደራጅቷል፤ ይህ ዕርዳታውን አስፍቶት ሊሆን ይችላል፣ ከታች የሚነሣውን ተነሣሽነት ግን ወደ መዋጮ ከፋይነት እንዳያወርደው መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ልዩነቱ ያለው ማን ይወስናል በሚለው ላይ ነው። ወጣቶች ለተፈናቃይ እህል ሰብስበው ለጽሕፈት ቤት ካስረከቡ አገልጋይ ናቸው። ራሳቸው ቆጥረው፣ ለማን እንደደረሰ ለጥፈው፣ ያልደረሰው ለምን እንዳልደረሰ የወረዳውን አስተዳደር በጽሑፍ ከጠየቁ ግን ዜጎች ናቸው። ሥራው ያው ነው፤ መብቱ የሚጀምረው ከሒሳቡና ከጥያቄው ነው። በመረዳዳት የተገኘ አመኔታ ነገ ስለ እስረኛ፣ ስለ መሬት፣ ስለ ሥራ ቅጥር ለሚነሣው ጥያቄ የሚመሰክር ሕዝብ ያስገኛል።

ሦስተኛውን ተቃውሞ በዝምታ ማለፍ ነውር ይሆናል። ሰኔ 11 ቀን 2014 ዓ.ም. በምዕራብ ወለጋ ጊምቢ ወረዳ ቶሌ ቀበሌ በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰላማዊ ሰዎች ተገደሉ፤ አብዛኞቹ ለዐሥርት ዓመታት በዚያ የኖሩ አማሮች፣ ሴቶችና ሕፃናት ነበሩ። መንግሥትና ከጥቃቱ የተረፉት የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊትን ተጠያቂ ሲያደርጉ፣ ቡድኑ አስተባብሏል። ከዚያ ቀደም በ2012 ዓ.ም. ከደምቢ ዶሎ ዩኒቨርሲቲ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ የታገቱ ተማሪዎች ነበሩ፤ በጥር ወር በአማራ ክልል ከተሞች የት ናቸው የሚል ሰልፍ ተደርጎላቸዋል። በሆሮ ጉዱሩ ደግሞ ኦሮሞ ነዋሪዎች በታጠቁ ኃይሎች ተገድለው ብዙ ሺዎች ተፈናቅለዋል። ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ የአማራ አንባቢ ስለ ወለጋ ወጣት ንቅናቄ በመልካም ሲጻፍ ቢከፋው ይገባኛል። መልሱ ግን ወጣቱን በጅምላ መኮነን ሊሆን አይችልም። በ2008 ጎንደርና ነቀምቴ በአንድ ሰሞን ወጥተው የነበሩት ወጣቶች ዛሬ እርስ በርስ የሚተዋወቁበት ምንም ነገር የላቸውም፤ ያኔም የተያያዙት በመፈክር ብቻ ነበርና። በጊምቢ ከተማ የተፈናቀለ አማራንና የተፈናቀለ ኦሮሞን በአንድ መዝገብ የሚመዘግብ የወጣቶች ማኅበር ቢኖር ለዚህ ጥርጣሬ ከማንኛውም መግለጫ የተሻለ መልስ ይሆን ነበር። የወለጋ ወጣት በቶሌ ለሞቱት የሚቆምበትን ድምፅ ካላገኘ፣ ለራሱ የሚጠይቀው ፍትሕም በሌላው ዘንድ ሰሚ ያጣል። ይህን ለማለት ጊዜው አልረፈደም።

ሴቶች ልጆችን በተመለከተም እንዲሁ ግልጽ መሆን ያስፈልጋል። ቀሬዎች በአድማውም በሰልፉም ነበሩ፤ ድል ሲመጣ ግን በመድረክ የታዩት ወንዶች ናቸው። አድራሻ የሌለው ንቅናቄ ውስጥ ወደ ፊት የሚወጣው ጉልበቱና ድምፁ የበረታው ነው፤ መዝገብና ተራ ያለው ማኅበር ግን ጸሐፊዋን፣ ገንዘብ ያዧን፣ ሊቀ መንበሯን ይመርጣል። የኦሮሞ ሴቶች ሲንቄ የተባለውን በትራቸውን ይዘው ሲወጡ ጠብ የሚቆምበት ሥርዓት ያለበት ማኅበረሰብ የሴትን ሸምጋይነት ከውጭ መማር አያስፈልገውም። እናቶች በዚያ በትር ያቆሙትን ጠብ ያህል፣ ልጆቻቸው በከተማ ማኅበር ውስጥ ውሳኔ ላይ ሊቀመጡ ይገባል።

ታዲያ ከመንግሥት የሚጠበቀው ምንድን ነው? ሕጉ በወረቀት ተሻሽሏል። የሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች አዋጅ ቁጥር 1113/2011 የቀድሞውን አዋጅ ሽሮ በመብት ጉዳይ መደራጀትን ፈቅዷል፤ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 30 የመሰብሰብን፣ በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ያረጋግጣል። ነገር ግን የወጣቱ ኑሮ ከአዋጁ ይልቅ ከቀበሌ ጽሕፈት ቤት ጋር ነው የተያያዘው፤ እዚያ ያለውን ሰው የሾመው ወጣቱ አይደለም፣ ሊሽረውም አይችልም። በ2010 ሊካሄድ የነበረው የአካባቢ ምርጫ ተራዘመ፤ በ2013ቱም ምርጫ ከአዲስ አበባና ከድሬዳዋ በስተቀር የአካባቢ ምክር ቤት ምርጫ አልነበረም። በዚያ ዓመት በምዕራብ ኦሮሚያ አንዳንድ የምርጫ ክልሎች በጸጥታ ምክንያት ለክልልና ለፌዴራል ምክር ቤት እንኳ ድምፅ አልተሰጠም፤ ኦነግና ኦፌኮም ከውድድሩ ወጥተው ነበር። ሰዎች ጦርነት ባለበት ምርጫ አይታሰብም ይላሉ። በውጊያ መካከል ላለ የገጠር ቀበሌ ይህ ልክ ሊሆን ይችላል። ለነቀምቴ ከተማ ግን ልክ አይደለም፤ ዩኒቨርሲቲው እያስተማረ፣ ፍርድ ቤቱ እያስቻለ፣ ግብር እየተሰበሰበ፣ ምርጫ ብቻ የማይቻልበት ምክንያት ሊገለጽ ይገባዋል። አንድ የቀበሌ ምክር ቤት መቀመጫ ለአንድ የ25 ዓመት ወጣት ከጫካም ከስደትም ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳየው ተጨባጭ ነገር ነው።

በሚያዝያ 2015 ዓ.ም. በዛንዚባር፣ በኅዳር 2016 ዓ.ም. በዳሬሰላም መንግሥትና የኦሮሞ ነጻነት ሠራዊት ተደራደሩ፤ ሁለቱም ያለ ስምምነት ተበተኑ። በኅዳር 2017 ዓ.ም. ከቡድኑ የተለየው የጃል ሰኚ ነጋሣ ክንፍ ከኦሮሚያ ክልል ጋር ስምምነት ፈርሞ ታጣቂዎቹ ወደ ካምፕ ገቡ። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ሁሉ የተቀመጡት መሣሪያ የያዙት ናቸው፤ መሣሪያ ያልያዘው ወጣት ሊወከል ቢፈለግ እንኳ የሚጠራበት ማኅበር፣ የሚላክለት ደብዳቤ የሚደርስበት አድራሻ የለውም። ትጥቁን የፈታ ወጣት ወደ ነጆ ወይም ወደ ሻምቡ ሲመለስ የሚቀላቀለው ምን እንደሆነ ማንም አልነገረውም። በእነዚህ ከተሞች ያሉ የዕድር ሽማግሌዎች ለወጣቶች መቀመጫ ቢሰጡ፣ አብያተ እምነቶች አዳራሻቸውን ቢከፍቱ፣ መምህራን የክበባቱን መዝገብ አያያዝ ቢያሠለጥኑ ሥራው ነገ ሊጀመር ይችላል። ለዞን አስተዳዳሪዎችና ለምርጫ ቦርድ የሚቀርበው ጥያቄ ደግሞ በአንድ ገጽ ማመልከቻ የሚያልቅ ነው፦ የቀበሌያችን ምክር ቤት የሚመረጠው በየትኛው ቀን ነው?